ቦሌ ላይ የሚወርደውን ሰው ማን ያዳምጠዋል? የምክር ሥነ ልቦና ሥልጠናችንና ብዝኃነታችን

የአገርን ታሪክ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ብቻ የምንፈልግ ሰዎች አንድ ቦታ እንዘነጋለን፡፡ ይኸውም የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፡፡ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የልደታን አሮጌ ማረፊያ ተክቶ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ለትምህርት የሚሄደውን ወጣት፣ ከመንግሥት የሚሸሸውን ፖለቲከኛ፣ እንጀራ ፍለጋ የምትሰደደውን ልጅ ሁሉ ሸኝቷል፡፡ የሸኘውንም ብዙ ጊዜ በሌላ መልክ መልሶ ተቀብሏል፡፡ ዛሬ ከዚህ ቦታ ታሪክ ሦስት ቀናትን መርጬ፣ ከእነርሱ ተነሥቼ ስለ አንድ ብዙም ስለማንነጋገርበት የትምህርት ዘርፍ ልጽፍ ወድጃለሁ፡፡ ዘርፉ የምክር ሥነ ልቦና ነው፤ በተለይም በዩኒቨርሲቲዎቻችን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጠው ሥልጠና፡፡

የመጀመሪያው ቀን ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፡፡ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ከወጡ ሦስት ቀን ሆኗል፤ የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባን ሊገባ ተቃርቧል፡፡ በዚያን ዕለትና በማግሥቱ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከቦሌ ወደ እስራኤል ተጓዙ፡፡ መቀመጫቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች ተመላለሱ፤ አንዱ ግዙፍ አውሮፕላን ብቻውን ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ጫነ፡፡

ሁለተኛው አንድ ቀን ሳይሆን ወራት ነው፡፡ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማባረር ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፡፡ አብዛኞቹ የወረዱት ቦሌ ነው፡፡ ከመጋቢት 2009 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ሁለተኛ ዘመቻም ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ተመልሰዋል፡፡ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከራያና ከትግራይ የሄዱ ወጣቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ በሰው ቤት ያገለገሉ ሴቶች ናቸው፡፡

ሦስተኛው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፡፡ ወደ ናይሮቢ ለመብረር ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አካባቢ፣ ጊምቢቹ ወረዳ ውስጥ ወደቀ፡፡ የ35 አገሮች ዜጎች የነበሩ 157 ሰዎች አለቁ፡፡ የሟቾች ቤተሰቦች ከኬንያ፣ ከካናዳ፣ ከቻይና፣ ከአውሮፓ በቦሌ በኩል መጡ፡፡ በሳምንቱ የ17ቱ ኢትዮጵያውያን ኀዘን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባዶ በሆኑ 17 የሬሳ ሣጥኖች ፊት ተፈጸመ፡፡

በሦስቱም ጊዜ የጠፋው ርኅራኄ አልነበረም፡፡ የኢትዮጵያ ሕዝብ ማስተዛዘን ያውቅበታል፤ አውሮፕላኑ በወደቀበት ስፍራ የነበሩት ገበሬዎች ለማያውቋቸው ሰዎች በራሳቸው ወግ አልቅሰዋል፡፡ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፡፡ በእነዚያ ቀናት፣ በቋንቋው የማይመስለውን፣ በሃይማኖቱ የማይጋራውን፣ በኑሮው የማያውቀውን ሰው ቁጭ ብሎ ለማዳመጥ የሠለጠነ ባለሙያ ነበረን ወይ? ከሌለንስ ለምን?

የነበረን ምክር

ምክር ከፈረንጅ የመጣ ነገር አይደለም፡፡ የንስሐ አባት የልጁን ኃጢአትና ጭንቀት ሲሰማ ኖሯል፡፡ የተጣላ ባልና ሚስት በሽማግሌ ፊት ቀርበዋል፡፡ ኦሮሞው በጃርሱማ፣ የወሎ ሙስሊም በወዳጃው ተሰባስቦ የልቡን አውጥቷል፡፡ ፀበል ቦታው አካልን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም የሚያሳርፍ ስፍራ ነበር፤ ዛሬም ነው፡፡ ዕድሩ ኀዘንተኛን ብቻውን አይተውም፡፡

እነዚህ ሁሉ ግን አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፡፡ እያንዳንዱ የሚያዳምጠው የራሱን ሰው ነው፡፡ የንስሐ አባት የንስሐ ልጁን፣ ሼኹ ደረሳውንና ጎረቤቱን፣ ዕድሩ አባሉን፣ ሽማግሌው በእርሱ ሽምግልና የሚያምነውን፡፡ ይህ ድክመት አይደለም፤ ኃይላቸው ከዚሁ ቅርበት የመነጨ ነው፡፡ ነገር ግን ከተማ ሲሰፋ፣ ዩኒቨርሲቲ የሁሉንም ክፍለ ሀገር ልጅ በአንድ ማደሪያ ሲያሳድር፣ አውሮፕላን ማረፊያ ከአሥር ወረዳ የመጡ ሰዎችን በአንድ አዳራሽ ሲያከማች፣ የራሱን ሰው ብቻ የሚያዳምጥ አማካሪ አይበቃም፡፡ የራሱ ያልሆነውን ሰው ማዳመጥ የሚችል ያስፈልጋል፡፡ የምክር ሥነ ልቦና እንደ ሙያ የቆመው ለዚህ ነው፤ ከሽማግሌው የሚለየውም በዲግሪው ሳይሆን በዚህ ግዴታው ነው፡፡

ሥልጠናው እንዴት መጣ

የአእምሮ ሕክምና በተቋም መልክ የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን በተመሠረተው በአማኑኤል ሆስፒታል ነው፡፡ ለብዙ ዓመታትም በአገሪቱ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል እርሱ ብቻ ነበር፡፡ ከፍተኛ ትምህርት በ1942 ዓ.ም. በተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ተቋሙ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፡፡ ሥነ ልቦና በዚህ ዩኒቨርሲቲ ያደገው በመምህራን ማሠልጠኛ ጉያ ነው፡፡ ዋና ዓላማውም ስለ ተማሪ አስተዳደግ፣ ስለ ፈተናና ስለ መማር ማስተማር የሚያውቅ መምህር ማፍራት ነበር፡፡ ምክርም የገባው በዚሁ በር፣ የተማሪዎች መመሪያና ምክር አገልግሎት ሆኖ ነው፤ ተማሪው የትኛውን የትምህርት መስመር ይምረጥ፣ ለምን ከክፍል ይቀራል፣ እንዴት ያጥና የሚል፡፡

ይህ አነሳስ የሚናቅ አይደለም፤ ግን አሻራውን ትቷል፡፡ በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን አማካሪ ማለት ሥርዓት ያጓደለ ተማሪ የሚላክበት ቢሮ ነበር፡፡ ተማሪው ወደዚያ ሲላክ ሊደመጥ ሳይሆን ሊገሠጽ እንደሚሄድ ያውቃል፡፡ በደርግ ዘመን ደግሞ የተናገሩት ሁሉ ተጽፎ ቀበሌ ይደርሳል የሚል ፍርሃት በየቤቱ ሰፍኖ ነበር፡፡ ከቀይ ሽብር በኋላ ልጁን የቀበረ፣ ወይም እንዲቀብር እንኳ ያልተፈቀደለት ወላጅ፣ ማስታወሻ ደብተር በያዘ ሰው ፊት አፉን ይከፍታል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፡፡ የምክር ሙያ ዋልታው ምስጢር ነው፤ እኛ ዘንድ ሙያው የተወለደው ግን ምስጢር በሚያስገድልበት ዘመን አጠገብ ነው፡፡

ስለ ባህል ያሰበ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም፡፡ በንጉሡ ዘመን መገባደጃ አዲስ አበባ ያስተምር የነበረው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በጊዮን (ወሊሶ) የሚካሄደውን የመንፈስ ፈውስ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟል፡፡ የአዲስ አበባው ምሁር ዩሱፍ ዑመር አብዲም እ.ኤ.አ. በ1975 በአንድ ዓለም አቀፍ የሥነ ልቦና መጽሔት ላይ በአፍሪካ የሥነ ልቦና ትምህርት ስላሉበት ችግሮችና ስላሉት ተስፋዎች ጽፏል፡፡ ይህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው፡፡ ጥያቄው ተጠይቆ ነበር፤ ወደ ሥርዓተ ትምህርቱ እምብርት የገባው ግን በዝግታ ነው፡፡

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በ1971 ዓ.ም. ተቋቋመ፡፡ ከዚያም በሥነ ልቦና የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠና ቀስ በቀስ ተስፋፋ፤ የምክር ሥነ ልቦናም ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆነ፤ የክልል ዩኒቨርሲቲዎችም ተከተሉ፡፡ በአእምሮ ሕክምና በኩል በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን ተጀመረ፡፡ የካናዳ መምህራን ለአንድ ወር እየመጡ ያስተምሩ ነበር፤ ሠልጣኞቹ ግን የሚያክሙት እዚሁ፣ የራሳቸውን ሰው ነው፡፡ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ውጭ ሄዶ ይሠለጥን ነበር፤ ብዙዎቹም በቦሌ ወጥተው ቀርተዋል፡፡

ከአሜሪካ የወሰድነውና የተውነው

የምክር ሥነ ልቦና በአሜሪካ የተጠናከረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከግንባር የተመለሱ ወታደሮችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ በተደረገው ጥረት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1951 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጉባኤ የሥልጠናው መልክ ተቀረጸ፡፡ የካርል ሮጀርስ ትምህርት፣ ማለትም አማካሪው ሳይፈርድ ማዳመጥ አለበት የሚለው፣ የሙያው መሠረት ሆነ፡፡ እኛ መጻሕፍቱን የወሰድነው ከዚህ ነው፡፡

ነገር ግን ከዚያ በኋላ አሜሪካውያን እርስ በርሳቸው ተጣሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1968 ጥቁር የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው፣ በነጭ መካከለኛ መደብ ልክ የተሰፋ ሙያ ልጆቻችንን እየጎዳ ነው አሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1973 በኮሎራዶ ግዛት በቬይል ከተማ የተሰበሰበው ጉባኤ፣ የአንድን ሕዝብ ባህል ለመረዳት ሳይሠለጥኑ ያንን ሕዝብ ለማገልገል መነሣት ከሙያ ሥነ ምግባር ውጭ ነው የሚል አቋም ያዘ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1992 ዴራልድ ዊንግ ሱ እና ባልደረቦቹ ይህንን አቋም ወደ ሥልጠና መመዘኛ ለወጡት፡፡ መመዘኛው በአጭሩ ሦስት ነው፤ አማካሪው የራሱን ጭፍን ግምት ይወቅ፤ የተመካሪውን ዓለም ይወቅ፤ ለዚያ ዓለም የሚስማማ ዘዴ ይኑረው፡፡

እንግዲህ ልብ በሉ፡፡ ብዝኃነት በዚያ አገር ወደ ምክር ሥልጠና የገባው ለጌጥ አይደለም፤ ሙያው ሰው እየጎዳ ነው የሚል ክስ ቀርቦበት ነው፡፡ እኛ መጽሐፉን ወሰድን፤ ጠቡን ግን አልወሰድንም፡፡ ጠቡን ብንወስደው ኖሮ የራሳችንን ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድደን ነበር፡፡

የእኛ ሰው እንግዳ ሲሆን

ከቦሌ የተነሡት ቤተ እስራኤላውያን ይህንን ጥያቄ እስራኤል ላይ ጣሉት፡፡ ከእነርሱ በፊት በሱዳን በረሃ የተሻገሩት ብዙ ሺህ ወገኖቻቸውን በመንገድ ቀብረዋል፡፡ የተቀበሏቸው ባለሙያዎች ዘመናዊ ሥልጠና የነበራቸው ነበሩ፤ ቢሆንም የሚያዩትን ማንበብ ተሳናቸው፡፡ ወጣቱ በታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሲሰብር የመንፈስ ጭንቀት መሰላቸው፤ እርሱ ግን አክብሮት ነበር፡፡ «እሺ» ሲል የተስማማ መሰላቸው፤ እርሱ ግን ጨዋነት ነበር፡፡ ስለ ሆዱ ሲናገር ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ላኩት፡፡

አማርኛ ለሚያውቅ ይህ ግልጽ ነው፡፡ ሆድ ይብሳል፤ ሆድ ይባባል፤ ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ አንጀት ይበላል፤ አንጀት ይርሳል፡፡ ኦሮምኛም «ገራ» ይላል፤ ርኅሩኅ ሰው «ገራ ላፋ» ነው፡፡ ትግርኛም ከብዱን ይዞ ኀዘኑን ይናገራል፡፡ በእነዚህ ቋንቋዎች ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ ሳይሆን የስሜትም ማደሪያ ነው፡፡ ይህንን የማያውቅ አማካሪ የተነገረውን ሁሉ ሰምቶ ምንም ሳይሰማ ይቀራል፡፡

በእስራኤል የሥነ ልቦና ባለሙያው ጋዲ ቤንኤዘር ከኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጋር ለዓመታት ሠርቶ የመንገዳቸውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2002 በመጽሐፍ አወጣ፡፡ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮም በአንዳንድ ክሊኒኮች በሐኪሙና በታካሚው መካከል የሚቆሙ፣ ሁለቱንም ባህል የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን አገናኞች ተመደቡ፡፡ በዚያ አገር ኢትዮጵያውያን ያዩት አድልዎ ብዙ ነው፤ ይህንን አልሸፍንም፡፡ ሆኖም ስህተቱ ቢያንስ ስም ወጥቶለት ተጽፏል፤ ተመርምሯል፡፡

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «እኛ ግን የራሳችንን ሰው ነው የምናማክር፤ ይህ ችግር የለብንም» ይል ይሆናል፡፡ አንድ ነገር ላጫውታችሁ፡፡

በምክር ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ወዳጄ በ2006 ዓ.ም. ተመላሾችን ለመርዳት በፈቃደኝነት ሄዶ ነበር፡፡ ልጁ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ አያውቅም፡፡ ፊቱ የተቀመጠችው ወጣት ኦሮምኛ ተናጋሪ ነበረች፤ ዓረብኛም ትሞክራለች፡፡ አስተርጓሚ ሆኖ የተገኘው በአጋጣሚ እዚያ የቆመ ወንድ ነው፡፡ ወዳጄ መጽሐፉ እንደሚለው፣ «ምን ይሰማሻል?» ብሎ ጠየቀ፡፡ አስተርጓሚው ተናገረ፡፡ ልጅቷ አስተርጓሚውን አየችና አንገቷን ደፍታ ራሷን እንደሚያማት ብቻ መለሰች፡፡ ወዳጄ በቅጹ ላይ «ራስ ምታት» ብሎ ጻፈ፡፡ «ከዚያ ቀን ወዲህ» አለኝ፣ «ያችን ልጅ ሳላስባት የዋልኩበት ሳምንት የለም፡፡ ሁለት ዓመት ስማር ከእኔ የተለየ ሰው ፊቴ ይቀመጣል ብሎ ያዘጋጀኝ ሰው አልነበረም፡፡ የምታውቀኝ ይመስል ነበር የጠየቅኋት፡፡»

ልጅቷ የማታውቀው ወንድ ባለበት፣ በሰው ቤት ስለደረሰባት ነገር እንዴት ትናገር? ወዳጄ ክፉ አይደለም፤ ሰነፍም አልነበረም፡፡ የጎደለው ሥልጠና ነው፡፡ በራሳችን አገር፣ በራሳችን ዋና ከተማ፣ ሁለት ኢትዮጵያውያን ፊት ለፊት ተቀምጠው የእስራኤሉ ስህተት ተደገመ፡፡

በመድረክ ያለ፣ በክፍል የሌለ

የሚያስገርመው ነገር ብዝኃነትን እንደ እኛ በአዋጅ ያወጀ አገር ጥቂት መሆኑ ነው፡፡ ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ቃሉ ከአፋችን አልጠፋም፡፡ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ቀኑ በዘፈንና በጭፈራ በየዓመቱ ሲከበር ቆይቷል፡፡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደነገገ፡፡ ዩኒቨርሲቲው ግን በእንግሊዝኛ ቀጠለ፡፡ ስለዚህ የምክር ተማሪው የኀዘንን፣ የፍርሃትን፣ የጥፋተኝነት ስሜትን ሙያዊ ስም የሚያውቀው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያክመው ሰው ግን በእንግሊዝኛ አያለቅስም፡፡

ለዚህ ዋጋ ከፍለናል፡፡ በ2012 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተማሪዎች በማንነታቸው ምክንያት ሲገደሉ፣ የግቢው አማካሪ ከሁሉም ወገን የሚታመን ሰው መሆን ነበረበት፡፡ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰውና እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት ደግሞ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተጎዳ ሕዝብ ትቶ አልፏል፡፡ ነገ አማራ አማካሪ ፊት የትግራይ እናት ትቀመጣለች፤ የትግራይ አማካሪ ፊት የአፋር እረኛ ይቀመጣል፡፡ ያን ጊዜ ቋንቋ ብቻውን አይበቃም፤ አማካሪው በልቡ የያዘውን ቂም አስቀድሞ መመርመር አለበት፡፡

ሁለት መልሶች ይሰነዘራሉ፤ ሁለቱም አያጠግቡኝም፡፡ አንደኛው፣ «ሰው ሁሉ ሰው ነው፤ ልዩነት መቁጠር ራሱ በሽታ ነው» የሚለው ነው፡፡ ሐሳቡ ቅን ነው፤ ግን ያችን ልጅ «ራስ ምታት» ብሎ የጻፈው ይኸው ሐሳብ ነው፡፡ ሁለተኛው፣ «ለየብሔሩ የየራሱ አማካሪ ይመደብ» የሚለው ነው፡፡ ይህ ደግሞ ሙያውን ወደ ዕድር ይመልሰዋል፤ ያውም ያለ ዕድሩ ፍቅር፡፡ አማካሪ የራሱን ሰው ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ ለምን አስፈለገ?

መካከለኛው መንገድ ከባድ ቢሆንም የታወቀ ነው፡፡ ተማሪ ሲመረጥ የቋንቋ ስብጥር ይታይ፡፡ ከመመረቁ በፊት ከራሱ የተለየ ቋንቋና እምነት ካላቸው ሰዎች ጋር፣ ልምድ ባለው መምህር ቁጥጥር ሥር ይሥራ፡፡ ከአስተርጓሚ ጋር መሥራትን እንደ ሙያ ይማር፤ አስተርጓሚው ማን እንደሆነ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ምስጢር ይጠብቅ እንደሆነ ይመዝን፡፡ የንስሐ አባቱን፣ ሼኹንና ፀበል ቦታውን እንደ ተቀናቃኝ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ይወቅ፡፡

መጠይቆቻችንም ይፈተሹ፡፡ ይህ እንደሚቻል ማስረጃው ቡታጅራ ነው፡፡ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የአገራችን ተመራማሪዎች ወደ 68,000 የሚጠጉ ጎልማሶችን በአማርኛ በተዘጋጀ መጠይቅ ሲመረምሩ በወረቀቱ ብቻ አልተማመኑም፡፡ የአካባቢውን አዋቂ ሰዎች፣ «ከመካከላችሁ እንዲህ የሆነ ሰው ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ፤ መጠይቁ ያላገኛቸውን ሕሙማን ጎረቤት ጠቆመ፡፡ ዕውቀት ከሁለቱም ወገን ሲመጣ እንዲህ ይሆናል፡፡

ዛሬም ማታ ከጅዳና ከቤይሩት የሚመጣ አውሮፕላን ቦሌ ያርፋል፡፡ ከተጓዦቹ መካከል አንዲት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መውጫው ትሄዳለች፡፡ አማርኛ ትናገር ይሆናል፤ ላትናገርም ትችላለች፡፡ ሆዷ ውስጥ ያለውን ታውቃለች፡፡ የጎደለው «ምን ይሰማሻል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ልጅቷ ማን እንደሆነች ለማወቅ የሚቸኩል ባለሙያ ነው፡፡ እርሱን የማሠልጠን ዕዳ የአየር መንገዱ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያዘውም የመንግሥት ነው፡፡